ስካውት የሌለበት ጉዞ፦ ከዊንድሆክ የተከራየናት ባለ ድንኳን መኪና

ባለፈው ነሐሴ እኔ፣ ባለቤቴና የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከናሚቢያ ዋና ከተማ ከዊንድሆክ አንዲት ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ተከራይተን፣ በጣሪያዋ ላይ በሚዘረጉ ሁለት ድንኳኖች እያደርን፣ በናሚቢያና በቦትስዋና የዱር እንስሳት ክልሎች ውስጥ 17 ቀናት ቆይተናል። ቁልፉን ስንመልስ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ላይ ከ3,400 በላይ ጨምረን ነበር። ከባሕር ዳር የተነሣነው ክረምቱ ጣናን ሞልቶት፣ ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ጀልባዎች ማዕበል ፈርተው ከሰዓት በኋላ መውጣት በተዉበት ሰሞን ነው። በደረስንበት አገር ግን ከወራት ወዲህ ጠብታ አልወረደም። አውሬ ለማየት የሚመረጠው ይኸው ደረቅ ወቅት ነው፤ ሣሩ አጥሮ፣ ቅጠሉ ረግፎ፣ እንስሳቱ ባልደረቁት ጥቂት ውኃዎች ዙሪያ ይሰበሰባሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚመዝነው የኪራይ አገልግሎቱን ነው። የአከራዩን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ በዊንድሆክ ተመሳሳይ መኪና የሚያከራዩ ብዙ ናቸው፣ ውላቸውም በአብዛኛው የሚቀራረብ ነው፣ እኔ ደግሞ የሞከርኩት አንዱን ብቻ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ መኪናዋ ከጠበቅነው በላይ ሆና ስትገኝ፣ ወረቀቱና ምክሩ ግን ከሚገባው በታች ነበሩ።

የምክሩን ጉዳይ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ የለመድነው የስሜን ተራሮችን ዓይነት ጉዞ ነው፤ ደባርቅ ላይ ይመዘገባሉ፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደብልዎታል፣ አስጎብኚው ከፊት ይሄዳል፣ ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ላይ ድንኳን ሲተከል የት እንደሚተኛና የት እንደማይኬድ የሚወስነው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። እዚያ ግን በፓርኩ በር ላይ ከፍለው፣ በመዝገብ ላይ ፈርመው፣ ካርታ ይዘው ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ስካውቱም፣ አስጎብኚውም፣ መካኒኩም እርስዎ ነዎት። በመሆኑም አከራዩ ከመኪናው ጋር አብሮ የሚሸጠው ነገር ሰውን ለብቻው ለመሆን ማዘጋጀት ነው ብዬ አምናለሁ። አገልግሎቱን የምመዝነውም በዚሁ ሚዛን ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። የቀን ኪራዩ 2,400 የናሚቢያ ዶላር ነበር፤ ይህ ገንዘብ ከደቡብ አፍሪካ ራንድ ጋር እኩል ለእኩል የታሰረ ስለሆነ በናሚቢያ ውስጥ በራንድም መክፈል ይቻላል። በዚህ ዋጋ ውስጥ ሁለቱ ድንኳኖች፣ ፍራሽና የመኝታ ከረጢት፣ በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ፍሪጅ፣ የጋዝ ሲሊንደር ከነምድጃው፣ ሳህንና ድስት፣ ጠረጴዛ፣ ሦስት ተጣጣፊ ወንበሮች፣ አካፋ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ የጎማ መንፊያ፣ ሁለት ስኮርታ ጎማና ገደብ የሌለው ኪሎ ሜትር ተካተዋል። ወደ ቦትስዋና ለመሻገር የተለየ ክፍያ አለ። መድኑን በተመለከተ፣ መደበኛው ውል ጉዳት ቢደርስ ከፍተኛውን ድርሻ በተከራዩ ላይ የሚጥል ነው፤ በየቀኑ ተጨማሪ ሲከፍሉ ድርሻው እየቀነሰ ይሄዳል። ሆኖም በጣም ውዱ እንኳ ውኃ ውስጥ በመግባት የሚመጣን ብልሽትና ከከተማ ውጭ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሲነዱ የሚደርስን አደጋ አይሸፍንም። ይህን አንቀጽ ከመፈረሜ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እርስዎም ያንብቡት።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ትልቁ መሰናክል ግን ዋጋው ሳይሆን ማስያዣው ነው። አከራዮቹ ማስያዣውን የሚፈልጉት በሹፌሩ ስም በወጣ የክሬዲት ካርድ ሲሆን፣ እኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ካርድ በእጃችን የለም። የዘመድ ካርድ ብናቀርብ ስሙ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አልገጠመም ተብሎ ተመለሰብን። ሁለት ወር ከተጻጻፍን በኋላ እጥፍ ማስያዣ በባንክ ማስተላለፍ እንድንችል ፈቀዱልን። የፈቀዱልንን ሠራተኛ ትዕግሥት አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ይህ አማራጭ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አንድም ቦታ አልተጻፈም፣ ያልጠየቀ አያገኘውም። ለቪዛውም፣ ለዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃዱም፣ ከአገራችን ለሚሄድ መንገደኛ ለሚጠየቀው የቢጫ ወባ የክትባት ካርድም በቂ ጊዜ መተው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ርክክቡ ልለፍ። ማስረከቡ አንድ ሰዓት ተኩል እንደሚወስድ በኢሜይል ተነግሮን ነበር፤ በተግባር 35 ደቂቃ ወሰደ። ያስረከበን ወጣት ትሑትና ፈጣን ነው፤ ድንኳኑን ከፍቶ፣ መሰላሉን አውርዶ፣ መልሶ አጥፎ አሳየን። ከዚያ ፈርሙ አለን። በዚህ ጊዜ ጋሼ (የባለቤቴን ወንድም ሁላችንም የምንጠራው እንዲሁ ነው) ኮታቸውን አውልቀው ለእህታቸው ሰጡና በጀርባቸው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ከባሕር ዳር መተማ አይሱዙ ሲነዱ 22 ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያልገለበጡትን ድንጋይ አያምኑም። ከሥር ሆነው አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው የስኮርታውን ጎማ ጎን ጠረጉና ቁጥሩን እንዳነብላቸው ጠሩኝ። ጎማ ሁሉ የተሠራበትን ጊዜ የሚናገር ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። የኛው «3416» ይል ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓመት በ34ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ገና አዲስ ቢመስልም ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ መስመር ይታያል።

«ጎማ ቅቤ አይደለም፤ ሲቆይ አይጣፍጥም» አሉ ጋሼ፣ አቧራቸውን እያራገፉ።

ወጣቱ አልተከራከረም፤ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሌላ ጎማ አመጣ። ይህን ለድርጅቱ በበጎ ጎኑ እመዘግብለታለሁ። ይሁን እንጂ ከሥር የሚገባ ጋሼ የሌለው ተከራይ ያንን ጎማ ይዞ ቦትስዋና ያለው የሳቩቲ አሸዋ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ሳስብ ምስጋናዬ ይቀንሳል። ክሪኩን፣ የጎማ መፍቻውንና የመንፊያውን ኬብል አንድ በአንድ አስነሥተን የፈተሽነውም በጋሼ አስገዳጅነት ነው።

ስለ መኪናዋ ራሷ ቅሬታ የለኝም። ሁለቱም አገሮች በግራ ጠርዝ የሚነዱ በመሆናቸው መሪው በቀኝ ነው፤ ጋሼ ማርሽ በግራ እጃቸው ለመለመድ ሁለት ቀን ፈጀባቸው እንጂ ሞተሩ፣ ፍሬኑና አሞርዛተሩ እንከን አልነበራቸውም። በኤቶሻ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው መንገድ እንደ መታጠቢያ ሰሌዳ የተሸነተረ ኮሮኮንች ነው፤ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሆንም እኛ ከ40 ብዙም አላለፍንም፣ የሚታየውም ነገር ለመፍጠን አያስቸኩልም። የጎማውን የአየር ግፊት ከአስፋልት ወደ ጠጠር ስንገባ ወደ 1.8 ባር፣ ጥልቅ አሸዋ ሲያጋጥመን ወደ 1.4 ባር እያወረድን ነበር የምንነዳው። መንፊያው ግን ደካማ ነው። አራቱን ጎማ መልሶ ለመሙላት 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ በመካከሉም ሞቆ እንዳይቃጠል ማሳረፍ ያስፈልጋል።

ኤቶሻ እ.ኤ.አ. በ1907 የተከለለ፣ ከ22,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ፓርክ ነው። በመካከሉ የተዘረጋው ነጭ የጨው ሜዳ ብቻውን ወደ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ጣናን አንሥተን ብናስቀምጥበት ዳር ዳሩ ባዶ ይተርፋል። በዳርቻው ቆመን ስናይ ከኮረብታ ላይ ሐይቁን የምናይ መስሎን ነበር፤ ልዩነቱ ውኃው አለመኖሩ ነው። በኦካኩዌዮ ካምፕ ዘንድ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚበራለት የውኃ ጉድጓድ አለ። ከዝቅተኛ የድንጋይ ግንብ ወዲህ ተቀምጠን ጥቁር አውራሪስ ከነግልገሏ መጥታ ስትጠጣ አይተናል፤ ሁለት ቀጭኔዎች እግራቸውን አንፈራጥጠው ለመጎንበስ ሩብ ሰዓት ሲያመነቱም ተመልክተናል። ጎሽና ጉማሬ ግን ኤቶሻ ውስጥ የለም፤ ጉማሬ ለማየት ለሚመጣ የባሕር ዳር ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የኤቶሻ ካምፖች በአጥር የተከለሉ ስለሆኑ ለጀማሪ መለማመጃ ይሆናሉ፤ የድንኳኑ አዘረጋጋ ከእጃችን የገባው እዚያ በቆየንባቸው ሦስት ሌሊቶች ነው።

ድንኳኖቹ ጥሩ ነበሩ። ከታች መቀርቀሪያውን ይፈታሉ፣ መሰላሉን ይስባሉ፣ ራሱ ተዘርግቶ ይቆማል፤ በሦስተኛው ቀን ከአምስት ደቂቃ በታች እንጨርስ ነበር። ፍራሹ አይቆረቁርም። የመኝታ ከረጢቱ ግን ለበጋ የታሰበ ስስ ነው፤ በነሐሴ እዚያ ሌሊቱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ አለው፣ ንጋት ላይ የመኪናዋ መስታወት ላይ አመዳይ የሚመስል ጤዛ እናገኝ ነበር። ያዳነን ከቤት የያዝነው ጋቢ ነው። ወጥ ቤቱም ቢሆን ለሌላ ሕዝብ የተሰናዳ ነው፤ የምድጃው እግሮች ተራርቀው ስለተሠሩ ድስት እንጂ ጀበና አይቀመጥባቸውም። ባለቤቴ የሰርዲን ጣሳ ክዳን ጠፍጥፋ መሐሉን በስታ ማስቀመጫ እስክታበጅለት ድረስ ሁለት ጊዜ ቡና ደፍተናል፤ ያውም የዘጌ ቡና።

ጾመ ፍልሰታ ላይ በመሆናችን ሥንቃችን ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ነበር። መንገደኛ ነን ብለን ለማፍረስ እኔ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ ባለቤቴ አልሰማችኝም። በኋላ ስናየው ጾሙ በጎ ሆኖልናል። ፍሪጁን የሚያስጨንቅ ሥጋ አልነበረንም፣ አጥር በሌለባቸው ካምፖች ጅብ የሚጠራ የጥብስ ሽታም አላስነሣንም። ብርቱካን ግን ይዘን ነበር፤ ዝሆን የብርቱካን ሽታ ከሩቅ ስቦት መኪና ሊሰብር እንደሚችል የነገረን አከራዩ ሳይሆን በሩንዱ የነዳጅ ማደያ ያገኘነው አንድ የመኪና ረዳት ነው። እዚያው ለልጆች አደልነው።

ከሩንዱ በኋላ ጠባቡን የናሚቢያ ክንድ ይዘን ወደ ምሥራቅ ዘለቅን። በዲቩንዱና በኮንጎላ መካከል ያለው አስፋልት ወደ 190 ኪሎ ሜትር የሚሆን በብዋብዋታ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚያልፍ ሲሆን፣ የዝሆን ምስል ያለባቸው የመንገድ ምልክቶች ይደጋገማሉ። ለጌጥ የተተከሉ አይደሉም፤ አራት ጊዜ ቆመን አሳልፈናቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአንጎላ፣ በቦትስዋና፣ በናሚቢያ፣ በዛምቢያና በዚምባብዌ የጋራ የጥበቃ ክልል ውስጥ በተካሄደው የአየር ቆጠራ ወደ 228,000 የሚሆኑ ዝሆኖች የተገመቱ ሲሆን፣ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም ወደ 132,000 ያህሉ በቦትስዋና የሚገኙ ናቸው። ውሉ ከመሸ በኋላ መንዳትን ለምን እንደሚከለክል በዚህ መንገድ ላይ በግልጽ ይገባል።

ንጎማ ላይ ድንበሩን ስንሻገር የወረቀቱ ድክመት ታየ። የተከራየ መኪና ከአገር ሲወጣ አከራዩ የፈቃድ ደብዳቤና የመኪናውን የባለቤትነት ማስረጃ ቅጂ ይሰጣል። የእኛ ደብዳቤ ላይ የሻንሲው ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ተዘዋውረው ተጽፈዋል። የጉምሩክ ሠራተኛዋ ቁጥሩን ከመኪናዋ ላይ ራሷ ወርዳ አስተያየች፤ አልተቆጣችም፣ አላሳለፈችንምም። ዊንድሆክ ደውለን የተስተካከለ ደብዳቤ በኢሜይል እስኪላክ፣ ታትሞ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። የቦትስዋና የካምፕ ቦታዎች በነሐሴ ከወራት በፊት የሚያዙ ናቸው፤ ቦታ አስቀድሞ ሳይይዙ በፓርኩ ውስጥ ማደር አይቻልም። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በቾቤ ወንዝ ላይ ልንሳፈር የከፈልንበት ጀልባ ያለ እኛ ሄደ። አከራዩ ይቅርታ ጠይቋል፤ የጀልባውን ዋጋ ግን አልተካም። በማግስቱ ከፍለን ሄድን፤ ዝሆኖች ኩምቢያቸውን ብቻ ከውኃው በላይ አስቀርተው ወደ ደሴቲቱ ሲዋኙ ስናይ ብስጭታችን ተረሳ።

ከካሳኔ እስከ ሳቩቲ ያለው መንገድ አሸዋ ነው፤ ያውም ጎማ የሚውጥ። አራቱን ጎማ አስገብቶ፣ ፍጥነት ሳይቀንሱ፣ መሪን ሳያጣምሙ መሄድ ይጠይቃል። ጋሼ በጭቃ እንጂ በአሸዋ አልሠለጠኑም ነበርና አንድ ጊዜ ቆምን። ጎማውን አንድ ባር ድረስ አስተንፍሰን፣ ለ20 ደቂቃ በአካፋ ጠርገን ወጣን። ሳቩቲ ላይ ሁለተኛው ሌሊት ፍሪጁ ጠፋ። መኪናዋ ለፍሪጁ ብቻ የተመደበ ሁለተኛ ባትሪ አላት፤ ሞተሩ ሲሠራ የሚሞላ ስለሆነ በየቀኑ ለሚጓዝ ሰው አይቸግርም፣ አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት ለሚቆም ግን ይፈተናል። የስልክ መስመር እዚያ የለም። ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ የባትሪው ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፤ በቢላ ፍቀው፣ በትኩስ ውኃ አጥበው፣ መልሰው ሲያጠብቁት ሠራ። የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ዊንድሆክ ላይ ማንም ሊሠራው ይችል ነበር።

ክዋይ ላይ ያሳለፍነውን ሌሊት ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፤ ስለ ድንኳኑም የምለው የመጨረሻ ቃል በዚያ ውስጥ አለ። ካምፑ አጥር የለውም። ወንዙ ከመኪናችን 60 እርምጃ አይርቅም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሣር የሚነጭ ድምፅ ቀሰቀሰኝ፤ ክራት፣ ክራት፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። የድንኳኑን መስኮት መረብ ሳልከፍት ወደ ታች ስመለከት የጉማሬ ጀርባ በጨረቃ እንደ ረጠበ ድንጋይ ያበራል፤ የመሰላሉን የታችኛውን እርከን በጎኑ እየታከከ ይግጣል። ድንኳኑ በስሱ ይወዛወዝ ነበር። ባለቤቴ ነቅታ ጆሮዋን አቆመችና «ዓባይ ድልድይ ያደርን መሰለኝ» ብላ ተመልሳ ተኛች። ለእርሷ ድምፁ የሰፈር ድምፅ ነው፤ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አጠገብ አድጋ ጉማሬ ምሽት ላይ ለግጦሽ ሲወጣ መንገድ መልቀቅን ከልጅነቷ ታውቃለች። እኔ ግን እስኪነጋ መሰላሉን መውረድ ነበረብኝ፤ አልወረድኩም። ለሌሊት ጣጣ ባዶ ጎላ ያለ ጀሪካን በድንኳን ውስጥ መያዝን የአከራዩ መመሪያ አይናገርም፤ ሊናገር ይገባ ነበር።

በማግስቱ በሞሬሚ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ስናልፍ ያስገረመኝ ውኃው ነው። እዚያ ዝናብ የለም፤ ሆኖም ሜዳው ሁሉ ተጥለቅልቋል። የኦካቫንጎ ወንዝ ከአንጎላ ደጋ ተነሥቶ ወደ ካላሃሪ አሸዋ የሚፈስ፣ ባሕር ሳይደርስ የሚጠፋ ወንዝ ነው፤ በአንጎላ ከወራት በፊት የዘነበው ዝናብ እየተንፏቀቀ ቦትስዋና የሚደርሰው በደረቁ ወቅት ነው። ሰፊው ረግረግ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዝርዝሩ 1,000ኛው ነበር። ዓባይን ከመነሻው ለሚያውቅ ሰው መጨረሻው አሸዋ የሆነ ወንዝ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ለተከራይ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ በነሐሴ መንገዱ ውኃ ይሻገራል፣ የውኃ ጉዳት ደግሞ በመድኑ አይሸፈንም። አዞ ስላለ በእግር ገብቶ ጥልቀት መለካት አይቻልም። ጋሼ ከአንዱ ጥልቅ ቦታ አፋፍ ላይ አቁመው፣ ከኋላችን የመጣ ሌላ መኪና አሳልፈው፣ ውኃው ምኑ ላይ እንደደረሰ ተመልክተው፣ በከባድ ማርሽ ሁለተኛ ላይ አስገብተው ሳይቀይሩና ሳይቆሙ ተሻገሩ። ውኃው የበሩን ግርጌ ነካ፤ ወደ ውስጥ አልገባም። የበሩ ጎማ ጥሩ እንደነበረ እመሰክራለሁ።

የፍልሰታ ዕለት ማውን ደረስን። ከከተማው ሥጋ ቤት ሁለት ኪሎ ተኩል የበሬ ሥጋ ገዝተን፣ ግማሹን በበርበሬ ጠብሰን ጾማችንን ፈታን፣ የቀረውን ለነገ ብለን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥን። በማግስቱ ወደ ጋንዚ ስንወርድ ኩኬ በተባለው የእንስሳት ጤና ኬላ ላይ አስቆሙን። የአፍና የእግር በሽታ ከጎሽ ወደ ከብት እንዳይተላለፍ ተብሎ አገሩ በረጃጅም አጥሮች የተከፋፈለ ነው፤ ጥሬ ሥጋ በዚያ መሥመር ወደ ደቡብ አያልፍም። ተቆጣጣሪው ፍሪጁን ከፍቶ ሥጋውን አወጣና በአክብሮት «ወይ እዚህ አብስላችሁ ብሉት፣ ወይ ተዉት» አለን። ጋሼ ሥጋውን አዩ፣ ሥጋውን አዩ፣ «15 ቀን ጠብቄው ለአንድ ቀን!» ብለው ወደ መኪናው ገቡ። የጫማችንን ሶል በመድኃኒት የራሰ ምንጣፍ ላይ ረግጠን አለፍን። ይህ ሕግ አዲስ አይደለም፣ ኬላውም አልተደበቀም፤ በዚያ መንገድ በየሳምንቱ መኪና የሚልክ ድርጅት 24 ገጽ በሚሆን መመሪያው ውስጥ አንድ መሥመር አለመጻፉ ነው የሚያስቆጨው። መመሪያው ስለ ወይን ጠጅ ብርጭቆ አጠባ ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ አለው።

መመለሱ ቀላል ነበር። ዊንድሆክ ላይ መኪናዋን ሲመረምሩ በፊት መስታወቱ ላይ ጠጠር የፈጠራትን የምስር ፍሬ የምታህል ጭረት አገኙ፤ ጠጠር መንገድ ላይ ያልተለመደ አይደለም፣ ዋጋውም በውሉ መሠረት ተቆረጠ፣ አልተከራከርንም። የቀረው ማስያዣ በ10 የሥራ ቀናት ይመለሳል ተብሎ በሰባተኛው ሳምንት ገባ። ለእኛ አገር ሰው የውጭ ምንዛሪ ሰባት ሳምንት ሰው እጅ ላይ መዋሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን አገልግሎት ለማን እንደምመክር ብጠየቅ፣ ከተጓዦቹ መካከል ቢያንስ አንዱ ጎማ መቀየርና ኮፈን መክፈት ለሚያውቅ ቡድን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ለሁለት ወጣት ባልና ሚስት፣ ያውም መኪና ከከተማ ውጭ ነድተው ለማያውቁ፣ ኤቶሻን ብቻ ይዘው እንዲመለሱ እነግራቸዋለሁ፤ ካምፖቹ አጥር አላቸው፣ መንገዱ አሸዋ የለውም፣ ችግር ቢፈጠር በቀኑ ውስጥ ሰው ይደርሳል። ቦትስዋናን የሚፈልጉ ከሆነ ሹፌርና አብሳይ ያለው የተደራጀ ጉዞ ውድ ቢሆንም ይሻላቸዋል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ አጥር የሌለባቸውን ካምፖች አልመክርም፤ ልጅ ከድንኳን መቼ እንደሚወርድ ጠይቆ አይወርድም። የወባ መከላከያውን ለማንም ቢሆን አሳስባለሁ፤ እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ወባን ጎረቤታችን ስለሆነች እንንቃታለን፣ የዚያ አገር ወባ ግን አታውቀንም።

ቅሬታዬን በዝርዝር ጽፌ ከባሕር ዳር ልኬላቸው ነበር። ከአንድ ወር በኋላ የተሻሻለ መመሪያ ላኩልኝ፤ በ11ኛው ገጽ ላይ ስለ ኩኬ ኬላና ስለ ጥሬ ሥጋ ሁለት አረፍተ ነገር ተጨምሯል። ስለ ስኮርታ ጎማው ዕድሜ የጠየቅኩት ግን እስከ ዛሬ መልስ አልመጣለትም፤ ጋሼ በየሳምንቱ እሑድ ይጠይቁኛል።